ጠላው ይተንፍስ

ጠላ የሚጠመቅበት ቤት ሲለወጥ ጥንቃቄውም መለወጥ አለበት። እናቶቻችን የሚጠምቁት በወይራ በታጠነ ጋን፣ ነፋስ በሚገባው ጓዳ ነበር። ጋኑ በጭቃ ቢመረግም ግፊቱ ሲበዛ ጭቃው ይሰነጠቅና ትንፋሹ ይወጣል። እኛ ገላን ኮንዶሚኒየም የምንኖረው ግን በፕላስቲክ በርሜል ጠምቀን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ መስኮት ዘግተን እናድራለን።

የጠላው አረፋ ከየት ይመጣል? የብቅሉ ስኳር ሲብላላ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ ይሆናል። አንድ ኪሎ ስኳር ሙሉ በሙሉ ሲብላላ ከ250 ሊትር በላይ ጋዝ ይወጣዋል። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል። ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተን የምናስተኛው ደግሞ የልጅ ልጆቻችንን ነው።

ባለፈው ጥር በብሎካችን ለሰርግ የተጠመቀ አራት በርሜል ጠላ ልጆች በሚተኙበት ክፍል ተደርድሮ አየሁ። ወደ በረንዳ ይውጣ ብል የሙሽራዋ እናት «ሲስተር፣ ብርድ ካገኘው እኮ አይፈላልኝም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ብርድ ያዘገየዋል። ስለዚህ በርሜሎቹን በጆንያና በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልለን ኮሚናል አስገባናቸው፤ መስኮቱንም ከፍተን ተውነው። ጠላው ለሰርጉ ደረሰ።

ሌላው ስጋቴ ጠርሙስ ነው። «እንደ ድራፍት አረፋ ይኑረው» እያሉ ገና መፍላቱን ያልጨረሰ ጠላ በሃይላንድና በጠርሙስ ሞልተው ጥርቅም አድርገው የሚከድኑ ወጣቶች አሉ። የድራፍት በርሜል ብረት ነው፤ ጋዙም በመቆጣጠሪያ ተለክቶ ነው የሚገባው። ጠርሙስ ግን ግፊቱ ሲያይልበት ይፈነዳል፤ ስብርባሪውም ዓይን ያጠፋል።

እንግዲህ እንዲህ እናድርግ፦

በርሜሉን እስከ አፉ አንሙላው። ክዳኑን ላላ እናድርግ፤ አለዚያም ከክዳኑ ንጹህ ቀጭን ጎማ አውጥተን ጫፉን ውሃ ባለበት ጣሳ ውስጥ እንንከር። ውሃው ቡልቅ ቡልቅ እያለ ከሆነ ጠላው ገና ነው።

ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን ጀሪካን ለጠላ አንጠቀም፤ ቢታጠብም አይሆንም።

የተነፋ ሃይላንድ ካገኘን ልጆችን እናርቅ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አቆይተን፣ ጨርቅ ጣል አድርገን፣ ፊታችንን አዙረን ቀስ እያልን እንክፈተው። ጋዝ በቀዘቀዘ መጠጥ ውስጥ ረጋ ይላል።

ጠላ ባለበት ክፍል ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ትንፋሽ መፍጠን ከመጣ ወዲያው ወደ ውጭ መውጣት ነው። የወደቀ ሰው ቢኖር በርና መስኮት ሳንከፍት፣ ሰው ሳንጠራ ብቻችንን አንግባ።

ስብርባሪ ዓይን ውስጥ ከገባ ማሸት፣ መጫን፣ ለማውጣት መሞከር ክልክል ነው። ዓይኑ እንዳይነካ በንጹህ ስኒ ከልለን በፍጥነት ወደ ሆስፒታል እንውሰድ።

መልካም ድግስ ያድርግላችሁ።