ደወሉ በኪስ ውስጥ

የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ዓመቱን በአራት ወቅት ሲከፍሉ ከመጋቢት 26 ቀን እስከ ሰኔ 25 ቀን ያለውን ጊዜ ጸደይ ብለው ይጠሩታል። በሀገራችን ይህ ወራት የበልግ ዝናም የሚጠበቅበት፥ ገበሬውም ሞፈርና ቀንበሩን የሚያበጅበት ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ባለችው በሪያድ ከተማ ግን ጸደይ ሌላ ጠባይ አለው። ሪያድ ማለት በዐረብኛ የአትክልት ስፍራዎች ማለት ሲሆን፥ ከተማይቱ ይህን ስሟን የምታስታውሰው በዓመት ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው። ዝናሙ ደኅና የጣለ እንደ ሆነ በዙሪያዋ ያለው ምድረ በዳ አረንጓዴ ይለብሳል፤ ኹዛማ የሚባለው ሐምራዊ አበባም ይወጣል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ምንጣፉንና የቡናውን ዕቃ በመኪና ጭኖ ወደ በረሓ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የአቧራው ማዕበል ይነሣል፤ ግንቦትም ሲገባ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። አበባውን የሚያየው ባለቤቱ ነው፤ አቧራውን ከመስኮቱ የምታብሰው ግን ብዙ ጊዜ ኢትዮጵያዊት ናት።

በዚያች ከተማ በቤት ሠራተኛነት፥ በነጂነትና በዘበኝነት የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ናቸው። በሀገሩ ቤተ ክርስቲያን የለም፤ ደወልም አይሰማም። ከሰኔ 2005 ዓ.ም. ጀምሮ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ስለ ሆነ፥ እሑድ የሥራ ሳምንት መጀመሪያ ነው። ስለዚህ በሪያድ የሚኖር ክርስቲያን ሰንበትን የሚያገኘው ከመንገድ ሳይሆን ከኪሱ ነው፤ ይኸውም ከተንቀሳቃሽ ስልኩ ነው። ደግነቱ የሪያድና የአዲስ አበባ ሰዓት አንድ ነው፤ በዚህ ቅዳሴ ሲገባ በዚያም በዚያው ደቂቃ ይሰማል። ስልኩ 6 ሰዓት ሲል ባለቤቱ 12 ሰዓት ነው ይላል፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፥ አይጣሉምም።

በአንድ ቤት የምትሠራ አንዲት እኅት ትታሰብ። እሑድ ማለዳ ሳህን ስታጥብ የስልኩን ማዳመጫ በአንድ ጆሮዋ ብቻ ታደርጋለች፤ ሁለተኛው ጆሮ ለእመቤቲቱ ጥሪ የተጠበቀ ነውና። ካህኑ ሲባርክ ተሰጥዎውን በሹክሹክታ ትመልሳለች። እመቤቲቱም «ምን አልሽ?» ብትላት «ሳሙናው አለቀ» ብላ ብትመልስ፥ ይህን ውሸት የሚመዝን የንስሓ አባት ፈገግ ሳይል አይቀርም።

በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ሲጀምር፥ በዚያው ሳምንት የካቲት 22 ቀን የረመዳን ጾም ገባ። ያን ጊዜ በአንድ ወጥ ቤት ሁለት ጾመኞች ተገናኙ። አንደኛዋ የምትጠብቀው የፀሐይን መግባት ነው፤ ሁለተኛዋ ከሥጋና ከወተት የራቀችው ለ55 ቀን ነው። ለማታው የሚሆነውን የሥጋ ሳምቡሳ የምትጠብሰው እኅታችን ጨዉን መቅመስ አትችልም፤ እመቤቲቱም ፀሐይ ሳትገባ መቅመስ አትችልም። የዚያን ቀን ጨው በእምነት ተጨመረ ማለት ነው። ጾመኛ ግን የጾመኛን ሆድ ያውቃልና፥ እንዲህ ያለው ቀን በሁለቱ መካከል ርኅራኄን ሳያመጣ አይቀርም።

የዕረፍት ቀን ያገኘ ሰው ዓርብ ወገኑን ለመጠየቅ ይወጣል። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሪያድ የከተማ ባቡር 6 መስመርና 85 ጣቢያ አለው፤ ርዝመቱም 176 ኪሎ ሜትር ነው፤ የሚሄደውም ያለ ነጂ ነው። ከገጠር የመጣ ሰው ፊተኛውን ሠረገላ ተመልክቶ ነጂ ቢያጣና በልቡ ቢያማትብ የሚፈርድበት የለም።

በገዳም ካሉት ተማሮች አንዳንዶች ይህን ሲሰሙ፥ «በስልክ የተሰማ ቅዳሴ ምን ቅዳሴ ነው?» ይላሉ። አነጋገራቸው ከፊሉ እውነት ነው። ሥጋ ወደሙ በስልክ አይመጣም፤ ጠበሉም በመስተዋቱ ላይ አይንጠባጠብም። ስልኩን ቤተ መቅደስ አድርጎ፥ ቤተ መቅደስ በደጁ ሳለ በአልጋው ተኝቶ «አስቀድሻለሁ» የሚል ሰው ራሱን ያታልላል። ነገር ግን ደወልስ ቤተ መቅደስ ነውን? ደወል የሚጠራ እንጂ የሚቀድስ አይደለም። በጣና ደሴቶች ባሉት ገዳማት ዛሬም የድንጋይ ደወል ይታያል፤ ድንጋይ በድንጋይ ሲመታ ድምፁ እስከ ውኃው ይሰማል። ከዚያ በኋላ የብረቱ ደወል መጣ፤ ከብረቱ ቀጥሎም የድምፅ ማጉያው መጣ። ስልክም የእነዚህ ታናሽ ወንድም ነው፤ ጥሪው ግን ባሕር ይሻገራል። አማርኛችንም ይህን አስቀድሞ ያወቀ ይመስላል፤ ደወሉም ይደወላል፥ ስልኩም ይደወላል።

ነቢዩ ዳንኤል በባቢሎን ሳለ መስኮቱን ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። መስኮቱ ኢየሩሳሌም አልነበረም፤ ነገር ግን ወዴት መመልከት እንደሚገባው ያሳየው ነበር። በሪያድ ወጥ ቤት ያለው ማዳመጫም እንዲሁ ነው።

አሁን ነገሩ ወደ ደጃችን ይመለስ። ያው መሣሪያ በሪያድ ቅዳሴን ወደ ወጥ ቤት ሲያስገባ፥ በገዳሙ ቅጽር ገበያን ወደ ቅዳሴ ያስገባል። ምእመናን ቆመው ሳሉ ከአንዱ ተሳላሚ ኪስ ዘፈን ይነሣል፤ ባለቤቱም ኪሱን ሲደባብስ ዘፈኑ ሁለተኛውን አዝማች ይጀምራል። ተማሪውም ቢሆን ከደወሉ ሥር ተኝቶ ሌሊት ለሰዓታት ሲደወል ጋቢውን በጆሮው ላይ ይስባል። የሪያዷ እኅት ግን ደወል በሌለበት ሀገር ደወል ስትፈልግ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ትነሣለች። ከሁለቱ ማን ለገዳም እንደሚቀርብ አንባቢ ይፍረድ።

ለተሳላሚውም አንድ ቃል ይጨመር። በ2006 ዓ.ም. ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፥ የዚያ ሀገር እንጀራ በቀላሉ እንደማይገኝ ሁሉም አይቷል። እንግዲህ በሪያድ ልጅ ወይም እኅት ያለው ሰው ስልክ ሲያነሣ፥ ስለ ጣራው ቆርቆሮና ስለ ወንድሟ ሠርግ ወጪ ብቻ ከሆነ፥ ያ ደወል የቀራጭ ደወል ነው። አስቀድሞ «ዛሬ ሆሣዕና ነው፤ ስምሽን በጸሎት አስጠርተናል» ይበላት፤ የቆርቆሮው ነገር ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ደወል አስቀድሞ ሰውን ወደ እግዚአብሔር ሲጠራ ነውና ደወል የሚባለው።