ከፈረሱ ጋሪው፦ ሃያ ሺህ ብር የሚጠጋ ቲቪ ቦክስ ያዋጣናል?

ሰሞኑን አሜሪካ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። «ለእናትህ ቲቪ ቦክስ ልልክላት ነው። ጥሩውን፣ ውዱን። ከዚህ ሰው ስለሚመጣ እስከ ቅዳሜ ወስንና ንገረኝ» አለችኝ። ጋዜጠኛ በመሆኔ ቤተሰቡ ውስጥ የቴክኖሎጂ ጥያቄ ሁሉ የሚላከው ወደ እኔ ነው። ጋዜጠኝነትንና ሪሞትን ምን እንደሚያገናኛቸው እስካሁን የጠየቀ የለም።

ጥያቄው ግን የእኛ ቤት ብቻ አይደለም። የዓለም ዋንጫ ሰኔ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በካናዳና በሜክሲኮ ይጀመራል። «የትኛውን ቦክስ ልግዛ?» የሚሉ ወዳጆቼም በዝተዋል። ስለዚህ ለእሷ የሰጠሁትን መልስ ለእናንተም ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ ስለ ምን እንደምናወራ እንግባባ። ቲቪ ቦክስ ማለት ዲሽ አይደለም፤ ሪሲቨርም አይደለም። በኤችዲኤምአይ ገመድ ከቲቪው ጋር የሚገናኝ፣ የሚያሳየውን ሁሉ ከኢንተርኔት የሚያመጣ የመዳፍ ያህል ዕቃ ነው። ዲሽ ከሰማይ ይቀዳል፤ ቦክስ ከዋይፋይ ይቀዳል። ዋይፋዩ ከደረቀ ቦክሱም ይደርቃል። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ዋጋውን እንይ። ከውዶቹ መካከል ስሙ ጎልቶ የሚነሳውን አፕል ቲቪ ፎርኬን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የወጣው ሦስተኛው ትውልድ መነሻ ዋጋው 129 ዶላር ነው። የኔትወርክ ገመድ መሰኪያ ያለውን የፈለገ 149 ዶላር ይከፍላል። ኤችዲኤምአይ ገመዱ ካርቶኑ ውስጥ የለም፤ ለብቻው ይገዛል። ሪሞቱ ቢጠፋ ደግሞ ምትኩ 59 ዶላር ነው።

ዶላሩን በ150 ብር ብናስበው ቦክሱ 19,350 ብር ሆነ። ሪሞቱ ብቻውን 8,850 ብር። ይህ እንግዲህ የነጋዴ ትርፍ፣ የቀረጥና የማጓጓዣ ሳይጨመርበት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከመባሉ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያ ስሌት ያው ቦክስ 7,353 ብር ይመጣ ነበር። ዕቃው አልተለወጠም፤ የተለወጠው የእኛ ኪስ ነው። በ2018 መጀመሪያ በተሻሻለው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ዲግሪ ይዞ የሚቀጠር ሰው መነሻው 11,500 ብር ነው። ግብሩንና ጡረታውን ሳንቀንስ እንኳ፣ ከአንድ ወር ተኩል በላይ ሳይበላ ሳይጠጣ ቢያጠራቅም ነው ቦክሱን የሚገዛው።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል ጥሩ ጎኑንም ልናገር። ከአንድ ጓደኛዬ ከውዶቹ ቦክሶች አንዱን ተውሼ ሁለት ሳምንት እናቴ ቤት ሞክሬዋለሁ። ፈጣን ነው፤ ሲነኩት ወዲያው ይታዘዛል። ሪሞቱ ትንሽ፣ ቁልፉ ጥቂት፣ እጅ ላይ ደስ የሚል ነው፤ ቲቪውንም ያበራል፣ ድምፁንም ይጨምራል። ሪሞት በመዳፉ እየመታና ባትሪ እያሻሸ ላደገ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ አፍንጮ በር ውስጥ ሪሞቱ እኔ ነበርኩ፤ «ተነስና ድምፁን ቀንሰው» ስባል እነሳለሁ።

ዕድሜም አለው። አፕል እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጣው ሳጥን ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ2024ም አዲሱን ሶፍትዌር ያገኝ ነበር። ርካሽ ቦክስ ይህን ያህል አይጦርም። ስለዚህ «ዕቃው ጥሩ ነው ወይ?» ከሆነ ጥያቄው፣ መልሴ አዎ ነው። የእኛ ጥያቄ ግን እሱ አይደለም። የእኛ ጥያቄ በሩን ከገዛን በኋላ ወደ ውስጥ እንገባለን ወይ ነው።

የመጀመሪያው ቁልፍ ኢንተርኔቱ ነው። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚመክረው ጥሩ ምስል ለማየት በሰከንድ 5 ሜጋቢት፣ ፎርኬ ለማየት ደግሞ 15 ሜጋቢት ያስፈልጋል። ፍጆታው በጥሩ ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት፣ በፎርኬ እስከ 7 ጊጋባይት ይደርሳል። በቀን ሁለት ሰዓት የሚያይ ቤት በወር 180 ወይም 420 ጊጋባይት ይበላል ማለት ነው። ይህን በሞባይል ጥቅል የሚሞክር ካለ እግዜር ይርዳው። ያልተገደበ መደበኛ ኢንተርኔት የግድ ነው። ያውም አፍንጮ በር ነው ያለነው፤ ከራስ መኮንን ድልድይ ወዲህ ያሉት የድሮ ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም ነው። ሳሎን የሚሮጥ ዋይፋይ ጓዳ ሲደርስ ያነክሳል። መብራት ሲሄድ ደግሞ ራውተሩም ቦክሱም አብረው ይተኛሉ።

ቲቪውም ራሱ ይጠየቃል። የብዙዎቻችን ቤት ቲቪ 32 ወይም 43 ኢንች ነው። በ32 ኢንች ቲቪ ላይ ፎርኬ ፍለጋ መሄድ፣ በሲኒ ውስጥ ዋና መሞከር ነው።

ሁለተኛው ቁልፍ ክፍያውና አካውንቱ ነው። ኔትፍሊክስ እ.ኤ.አ. ከጥር 2016 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይሠራል። ክፍያው ግን በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ነው። ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይረዳንም። ስለዚህ ወይ ውጭ ያለ ዘመድ ካርድ እንለምናለን፣ ወይ እዚሁ ቴሌግራም ላይ የሌላ ሰው አካውንት ቁራጭ እንገዛለን። ኔትፍሊክስ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ከአንድ ቤት ውጭ አካውንት መጋራትን እያጠበቀ ነው። በአፕል በኩል ደግሞ የመተግበሪያ መደብሩ ከተከፈተባቸው 175 አገሮችና ግዛቶች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም። አይፎን የያዘ ሁሉ ያውቀዋል፤ አካውንት ሲከፍት አገሩን አሜሪካ ወይም ሌላ ብሎ ነው የሚሞላው። አፍንጮ በር ተቀምጦ የኒው ዮርክ ነዋሪ ለመባል ሃያ ሺህ ብር መክፈል ትንሽ ያስተዛዝባል።

ሦስተኛው ቁልፍ ቋንቋው ነው። የውድ ሪሞት ዋነኛ ኩራት በድምፅ መታዘዙ ነው። የአፕሉ ሲሪ አማርኛ አያውቅም። የተዋስኩትን ቦክስ እናቴ እንድትሞክረው ስሰጣት ሪሞቱን ወደ አፏ አስጠግታ፣ እንግዳ እንደምታናግር በትሕትና «እስቲ የዛሬውን ዜና አምጣልኝ» አለችው። ሳጥኑ ስለ መኪና ጎማ የሚያወራ የውጭ አገር ቪዲዮ አመጣላት። ትንሽ አየችና «ይኼ ልጅ አልሰማኝም» ብላ ሪሞቱን መለሰችልኝ። ከዚያ በኋላ ፈላጊው እኔ ሆንኩ፤ ፊደል በፊደል፣ በእንግሊዝኛ እየለቀምኩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ተመልሼ ሪሞት ሆንኩ።

በሁለቱ ሳምንት ውስጥ ምን አየች? መዝሙር፣ ዜና፣ ድራማ። ሁሉም ከዩቲዩብ ነው። ሁሉም ስልኬ ላይ አለ። ለእሷ የሚሆን የአማርኛ ይዘት ውዱ ቦክስ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ቢሆን ክርክሩ ሌላ በሆነ ነበር። የለም። የእኛ ጣቢያዎች በሰማይ ናቸው፤ ኢትዮሳት ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አብዛኞቹን አንድ ላይ ሰብስቦ ያለ ወርኃዊ ክፍያ ያወርድልናል። የቀረው ዩቲዩብ ላይ ነው። ለሁለቱም ሃያ ሺህ ብር አያስፈልግም።

ኳሱስ? የዓለም ዋንጫን አስባችሁ ቦክስ ልትገዙ የተነሳችሁ ወዳጆቼ እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቦክስ ኳስ ይዞ አይመጣም። የማሳየት መብት የገዛው ጣቢያ ነው የሚያሳየው፤ የእሱን መተግበሪያ ከፍሎ መክፈት ወይም ጣቢያውን በዲሽ መፈለግ ግድ ነው። «ሁሉም ጨዋታ ተጭኖበታል» የሚላችሁ ሻጭ የሚሸጥላችሁ የተሰረቀ ሥርጭት ነው። በ90ኛው ደቂቃ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል የሚቆመውም እሱ ነው።

«እሺ፣ ውዱ ከቀረ ርካሹን እገዛለሁ» የሚል ይኖራል። ስም የለሹን አንድሮይድ ቦክስ ማለቱ ነው። እባካችሁ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። የአሜሪካው ኤፍቢአይ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2025 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ርካሽ ቦክሶች ከፋብሪካቸው ጀምሮ ወይም በመጀመሪያ ቀን አፕ ሲጫንባቸው ባድቦክስ በተባለ አደገኛ ሶፍትዌር እንደሚበከሉ ገልጿል። ጉግል በቀጣዩ ወር በመሠረተው ክስ የተበከሉትን መሣሪያዎች ከ10 ሚሊዮን በላይ አድርሷቸዋል። የተበከለ ቦክስ የቤታችሁን ኢንተርኔት ለሌባ ያከራያል፤ ወንጀሉ የሚፈጸመው በእናንተ መስመር ነው። ይህ ባይሆንም እንኳ ብዙዎቹ የኔትፍሊክስ ፈቃድ ስለሌላቸው ካርቶናቸው ላይ ፎርኬ ተብሎ ቢጻፍም የሚያሳዩት የደበዘዘ ምስል ነው።

እንግዲህ ምን ይሻላል? የእኔ ሚዛን እንዲህ ነው።

ቤታችሁ ትልቅ ፎርኬ ቲቪ፣ የማይቆራረጥ ኢንተርኔትና በሕጋዊ መንገድ የሚከፈል አካውንት ካለ፣ አይፎንም ከያዛችሁ፣ ውዱን ግዙ፤ አትጸጸቱም። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የጎደለውን አሟሉ፤ ቦክሱ ይቆይ። ቲቪያችሁ ስማርት ከሆነ ዩቲዩብ አስቀድሞ ውስጡ አለ፤ ሪሞቱን ገልበጥ አድርጋችሁ ፈልጉት። ስማርት ካልሆነ ላፕቶፕ ያለው ሰው በአንድ ኤችዲኤምአይ ገመድ ይገላገላል። የግድ ከሆነ ደግሞ የጉግል ፈቃድ ያለውን፣ ከታወቀ ኩባንያ የሚመጣ ትንሽ ስቲክ ግዙ፤ ከውዱ በጥቂቱ ግማሽ ዋጋ ነው። ኢንተርኔት ሳይኖር ውድ ቦክስ መግዛት ግን ከፈረሱ ጋሪውን ማስቀደም ነው። ተበድሮ የሚገዛም አይቻለሁ፤ ለሱ አባቶቻችን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ብለው ጨርሰውታል።

ከመንግሥትና ከኩባንያዎችም የምጠብቀው አለኝ። ሚሊዮኖች በቴሌብር ሻይ በሚከፍሉበት አገር አንድ የአገር ውስጥ ፊልም በሕጋዊ መንገድ፣ በብር፣ ቲቪ ላይ ተከራይቶ ማየት ለምን ይከብዳል? ልጅ ሆነን በፒያሳ ቪዲዮ ቤቶች በአንድ ብር ፊልም አይተናል፤ ካሴት ተከራይተናል፤ በፍላሽ አስጭነናል። ሕዝቡ ለፊልም መክፈል አስቸግሮ አያውቅም። ያጣው መክፈያውን ነው። ጣቢያዎቻችንም በአማርኛ ፊደል የሚፈለግበት፣ አንዲት እናት ያለ ልጇ እርዳታ የምትከፍተው የቲቪ መተግበሪያ ቢሠሩ ከማንኛውም ውድ ሪሞት በላይ ይጠቅሙናል።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልመለስ። ይህን ሁሉ ስዘረዝርላት ዝም ብላ ሰማችኝና «እኔ እኮ ስለ ፎርኬ ምኑም አያገባኝም። ጎረቤቶቿ ከሄዱ በኋላ ብቻዋን ስለሆነች ነው» አለችኝ።

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። በ2016 የኮሪደር ልማቱ ሲመጣ ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ብዙ ሰው ተነስቶ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ ቦታዎች ሄዷል። ከእናቴ ጋር ሠላሳ ዓመት ቡና የጠጡት ሁለቱ ሴቶች ከነሱ ውስጥ ናቸው። የ1994ቱን የዓለም ዋንጫ ያየሁት በአንዷ ቤት ቲቪ ነው፤ ሃያ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጠን።

ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ የጠየቀችው በብር ስንት እንደሆነ ነው። ስነግራት ደነገጠች። «እሷ እዚያ ሌሊት እየሠራች ያመጣችውን? ለሱ? በል ደውልልኝ» አለች። ደወልኩ። ተነጋገሩ፣ ተመራረቁ፣ ትንሽም ተላቀሱ። በመጨረሻ የተስማሙት፣ በገንዘቡ ከፊል የቤቱ ኢንተርኔት እንዲከፈል፣ የቀረው እናቴ በወር አንድ ጊዜ ገላን ጉራ ሄዳ ጓደኞቿን ለምትጠይቅበት ትራንስፖርት እንዲሆን ነው። በኢንተርኔቱ ደግሞ ከአክስቴ ልጅ ጋር በየእሑዱ በቪዲዮ ይገናኛሉ። ስልኬን ቲቪው ላይ የማገናኘው እኔ ነኝ፤ ሪሞትነቴ ቀጥሏል ማለት ነው።

እናንተስ? ቦክስ ገዝታችሁ የተጠቀማችሁ ወይም የተጸጸታችሁ ካላችሁ አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን። ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ራሳችሁን ጠይቁ፦ የጎደለኝ ሳጥኑ ነው ወይስ ሌላ ነገር?

ቸር እንሰንብት።