ክልከላ ብቻውን ደንብ አይሆንም! የዳጉ አገር ልጆችና የትምህርት ቤት ኢንተርኔት

ከአዋሽ ሰባት ተነስቶ በገዋኔ፣ በሚሌና በሎጊያ አልፎ ሰመራ የሚገባው አስፋልት የአገሪቱ ጉሮሮ ነው። የጅቡቲ ወደብ ጭነት ቀንና ሌሊት ይተምበታል። በዚህ መንገድ ዳር የሚማር ልጅ ስለ ኢንተርኔት ከትምህርት ቤቱ የሚሰማው ደንብ ግን፣ እንደ ሌላው የአገሪቱ ተማሪ ሁሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም፦ «ስልክ ይዞ መገኘት ክልክል ነው!»

ልማዱ ከላይ የወረደ ነው። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ሾልኮ ፌስቡክ ላይ ሲለጠፍ ፈተናው በሙሉ ተሰረዘ። በዚያው ክረምት ማኅበራዊ ሚዲያ ተዘጋ። በ2009 እና በ2011 ደግሞ በፈተና ሰሞን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ነጋዴውም፣ ባንኩም፣ ጋዜጠኛውም አብሮ ተቀጣ። ወረቀቱ ግን ተማሪ ስልክ ላይ ከመድረሱ በፊት ከአዋቂ እጅ ነበር የወጣው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

«ስልክ ኩረጃ አመጣ» የሚለው ክርክር ባዶ አይደለም። ተፈታኞች ያለ ስልክ ዩኒቨርሲቲ ገብተው መፈተን ሲጀምሩ፣ የ2014 ተፈታኞች ያለፉት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ውጤቱ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። ስልኩ ሲነጠቅ ኩረጃው ቀነሰ እንበል። እውቀቱስ? ስልክ መንጠቅ የተደበቀውን ባዶነት አሳየ እንጂ አልሞላውም።

ግራ የሚያጋባው ሌላው ነገር ነው። ከ2016 ጀምሮ የብሔራዊ ፈተናው ከፊል በኮምፒውተር ይሰጣል። ውጤት የሚታየው በድረ ገጽ፣ በ6284 አጭር መልእክትና በቴሌግራም ቦት ነው። አገሪቱ ልጁን በኢንተርኔት ትፈትነዋለች፣ በኢንተርኔት ትጠራዋለች፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ኢንተርኔትን ወንጀል አድርጎ ያስተምረዋል። ኢሜይል አጻጻፍ የማያውቅ፣ የይለፍ ቃሉን ለኢንተርኔት ቤት ልጅ አስረክቦ የሚሄድ ተመራቂ የሚወጣው ከዚህ ነው።

ክልከላው ከሁሉም በላይ የሚጎዳው ደካማውን ነው። ፎቶዋ ያለ ፈቃዷ የተበተነባት፣ በሌሊት የማታውቀው ሰው የሚጽፍላት ልጅ ለማን ትናገር? ለመናገር መጀመሪያ ስልክ እንዳላት ማመን አለባት። ስለዚህ ዝም ትላለች። «ክልክል ነው» የሚለው ቃል ጥፋተኛውን አልነካውም፤ አቤት ባይዋን ግን አፏን ዘጋ።

አዋቂውስ በምን ደንብ ይተዳደራል? የተማሪዎችን ስምና ውጤት በቴሌግራም ግሩፕ የሚለጥፍ መምህር፣ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በግል ኢሜይሉ የሚላላክ ርዕሰ መምህር በየቦታው አለ። ሰውየው ሲዛወር የትምህርት ቤቱ የደብዳቤ ማኅደርም አብሮት ይዛወራል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እያለ የልጆች መረጃ እንደ ገበያ ዋጋ ይነበባል።

አፋር ለዚህ ትምህርት ከሩቅ አገር መበደር አያስፈልገውም። ዳጉ አለው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው፣ ተቀምጠው ወሬ ይለዋወጣሉ። ምን አየህ? ምን ሰማህ? ከማን ሰማህ? ያየውን ካየ፣ የሰማውን ከሰማ ለይቶ መናገር ግዴታ ነው። ሐሰት ያቀበለ በማኅበረሰቡ ፊት ይዋረዳል፣ ይቀጣል። ዳጉ ሐሰት ሊያልፍበት ይችላል ተብሎ አልታገደም፤ ሥርዓት ነው የተሠራለት። በ2017 አዋሽ ፈንታሌ ምድር ስትንቀጠቀጥ፣ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ ከስልክ ስልክ ይዞር ለነበረው ቪዲዮ ሁሉ የሚያስፈልገው ይኸው የአባቶች ጥያቄ ነበር፦ ማን አየ?

እንግዲህ የአዋሽም የሰመራም ትምህርት ቤቶች አንድ ገጽ ደንብ ይጻፉ። ስልክ የሚዘጋበትና ለትምህርት የሚከፈትበት ሰዓት ይለይ። ያለ ፈቃድ ፎቶ ማንሳትና መበተን ይከልከል። መምህር ለተማሪ በግል በሌሊት አይጻፍ። የተማሪ ውጤት በግሩፕ አይለጠፍ። ትምህርት ቤቱ የራሱ ኢሜይል ይኑረው፤ ሰው ሲቀየር ለተተኪው ይረከብ። አቤቱታ የሚቀበል፣ ስልክ ስለያዝሽ ብሎ የማይቀጣ ሰው ይመደብ። ቅጣቱም በደረጃ ይሁን፤ ስልክ መስበር ቅጣት አይደለም።

ደንቡ በአማርኛ ብቻ ከተጻፈም ግማሽ ሥራ ነው። በአፋርኛ ይጻፍ፣ ማንበብ ለማይችል ወላጅም በስብሰባ ይነበብ፤ ወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ይፈርሙበት። ለዚህ ሰርቨርም፣ የውጭ እርዳታም፣ የሚኒስቴር ሰርኩላርም አይጠበቅም። አንድ ወረቀትና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

ይህን የማያደርግ ትምህርት ቤት ስልኩን በር ላይ ነጥቆ ያስቀረ ይመስለዋል። ልጁ ማታ ቤቱ ሲገባ መልሶ ይከፍተዋል። ያን ጊዜ አብሮት የሚሆነው የተማረው ደንብ ብቻ ነው፤ ካስተማሩት።