የዓለም ሊቃውንት ጉባኤና የባለቤቱ ድርሻ

ጥበብ በአንድ አገር ተወልዳ በዚያው አገር ብቻ የምትቀር አይደለችም። እንደ ወንዝ ውሃ ከምንጭዋ ተነሥታ ብዙ አገር ታጠጣለች፤ ነገር ግን በምንጩ አጠገብ ያለ ሰው ጎንበስ ብሎ ካልጠጣ ከሩቅ አገር ሰው ይልቅ እርሱ ይጠማል። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» የሚለው የአባቶቻችን ተረት የተነገረው ለእንዲህ ያለው ነገር ነው። ይህን ተረት እንድናነሣ ያደረገን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ግቢና በሌሎችም የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች ስለ ኢትዮጵያ ጥናት የሚደረገው የዓለም ሊቃውንት ጉባኤ ነው።

ይህ ጉባኤ መጀመሪያ የተሰበሰበው በአውሮጳውያን አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. በሮማ ከተማ በሊንቼይ አካዳሚ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የምናነሣቸው ዓመቶችም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። የኢጣልያ ጦር ድል ሆኖ ከኢትዮጵያ ከወጣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላ፥ ስለ ኢትዮጵያ ዕውቀት የሚመክሩ ሊቃውንት የተሰበሰቡት በዚያችው በኢጣልያ ዋና ከተማ መሆኑ ለሚያስተውል ሰው የሚያስደንቅ ነው። ሁለተኛው ጉባኤ በ1963 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በማንቼስተር ሆነ። ሦስተኛው ግን በ1966 ዓ.ም. ወደ ባለቤቱ አገር መጥቶ በአዲስ አበባ ተደረገ። ከዚያም ወዲህ ጉባኤው በቴል አቪቭ፥ በሉንድ፥ በሞስኮ፥ በፓሪስ፥ በጃፓን አገር በኪዮቶ፥ በሃምቡርግ፥ በትሮንድሃይም፥ በዋርሶና በሌላም ከተማ ተቀምጧል። ወደ አዲስ አበባም በ1984፥ በ1991፥ በ2000ና በ2009 ዓ.ም. ተመልሷል፤ በ2012 ዓ.ም. በድሬዳዋ፥ በ2018 ዓ.ም. በመቀሌ ተደርጓል፤ ሃያ አንደኛውም በ2022 ዓ.ም. እንደ ገና በአዲስ አበባ ሆኗል። ከሃያ አንዱ ስምንቱ በኢትዮጵያ ምድር ተደረጉ ማለት ነው።

በአዲስ አበባ የሚሰበሰቡት ሊቃውንት የሚያርፉበትም ግቢ ታሪክ ያለው ነው። የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1961 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጠ፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም በ1963 ዓ.ም. ተመሥርቶ፥ በፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት የመጀመሪያ ዲሬክተርነት፥ ቤተ መጻሕፍቱንና ሙዚየሙን እያደራጀ እስከ ዛሬ ኖሯል። ነገሥታት ግብር ያበሉበት አዳራሽ ለመጻሕፍት ማደሪያ መሆኑ ለዕውቀት የተሰጠውን ክብር ያሳያል። እንግዲህ ቤቱ አለ፤ እንግዳውም ይመጣል። የሚቀረን ጥያቄ በዚህ ቤት የባለቤቱ ድርሻ ምንድር ነው? የሚለው ነው።

ለእኛ «ጉባኤ» የሚለው ቃል ከውጭ የመጣ አይደለም። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የብሉይ፥ የሐዲስ፥ የሊቃውንትና የመነኮሳት መጻሕፍት ትርጓሜ አራቱ ጉባኤያት ይባላሉ፤ መምህሩ የሚያስተምርበትም ስፍራ ጉባኤ ቤት ነው። የጥንቱ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኮፋዳውን አንግቶ፥ ለቅኔ ወደ ዋድላ ወይም ወደ ዋሸራ፥ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፥ ለዝማሬና መዋሥዕት ወደ ዙር አባ፥ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሄድ ነበር። በማያውቀው ሰው ደጅ ቁራሽ እየለመነ መማሩ ዕውቀት ካለበት ሄዶ መፈለግ ግዴታ መሆኑን ስላወቀ ነው። ስለዚህ ከኪዮቶ ወይም ከሃምቡርግ ተነሥቶ ወደ ስድስት ኪሎ የሚመጣው ሊቅ፥ መልኩና ቋንቋው ይለይ እንጂ፥ ድካሙ የዚያው የተማሪው ድካም ነውና እንደ ጉባኤ ባልንጀራ ልንቀበለው ይገባል።

በጉባኤ ቤት ግን ሁለት የታወቁ ሥርዓቶች አሉ። አንደኛው፥ ተምሮ የወጣ ሰው «ከማን ተማርህ?» ተብሎ ሲጠየቅ የመምህሩን ስም መጥራቱ ነው፤ መምህሩን የማይጠራ ሰው ዕውቀቱ አይመሰከርለትም። ሁለተኛው፥ የግዕዙ ንባብ ከተነበበ በኋላ በአማርኛ መተርጐሙ ነው። አባቶቻችን ግዕዙን እጅግ እያከበሩት፥ ሰሚው ሳይገባው እንዲነሣ ስላልፈቀዱ፥ «አንድም» እያሉ ምሥጢሩን በሚሰማው ቋንቋ አፍታትተው ነገሩት። የዛሬውንም የዓለም ሊቃውንት ጉባኤ በእነዚህ በሁለቱ ሥርዓቶች ብንመዝነው የሞላውና የጐደለው ይታያል።

ስለ መጀመሪያው ሥርዓት ከሩቅ ዘመን መልካም ምሳሌ አለን። ጀርመናዊው ሊቅ ኢዮብ ሉዶልፍ በ1649 ዓ.ም. በሮማ ከተማ፥ ከቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን በስተኋላ ባለው በኢትዮጵያውያን ቤት፥ የአምሐራው ተወላጅ አባ ጎርጎርዮስን አገኘ። በዚያው ቤት ከመቶ ዓመት በፊት አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ ሐዲስ ኪዳንን በ1548ና በ1549 ዓ.ም. አሳትሞ ነበር። አባ ጎርጎርዮስ በ1652 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ወደ ጎታ ተጠርቶ ሄደ፤ በዚያም በመስፍኑ በኤርንስት ቤት ተቀምጦ ስለ ኢትዮጵያ ቋንቋ፥ ታሪክና ልማድ ለሉዶልፍ አስረዳው። ሉዶልፍ በ1681 ዓ.ም. የኢትዮጵያን ታሪክ በላቲን ሲያሳትም ከማን እንደ ተማረ አልሸሸገም፤ የአባ ጎርጎርዮስን ስም በክብር ጠራ። መምህሩ ግን መጽሐፉን ሳያይ፥ በ1658 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ መርከቡ ተሰብሮ በባሕር ሞተ። በአውሮጳ ስለ ኢትዮጵያ የተጻፈው ትምህርት መሠረቱ የአንድ የአውሮጳ ሊቅና የአንድ የኢትዮጵያ ካህን ጓደኝነት መሆኑን መርሳት አይገባም።

ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጥ ነው። ዛሬም አንድ ተመራማሪ ወደ ገዳም ወይም ወደ ገጠር ወርዶ ከአንድ መሪጌታ፥ ከአንድ የአገር ሽማግሌ ቃል ሲቀበል፥ ያ ሰው ስም አለው። በጉባኤው ላይ «አንድ የአካባቢው ሰው እንደ ነገረኝ» ተብሎ እንዲታለፍ ፈቃዱ ካልሆነ በቀር፥ ስሙ ሊጠራና ድካሙ ሊመሰከርለት ይገባል። እንዲህ የሚያደርጉ ተመራማሪዎች አሉና ምስጋና ይገባቸዋል፤ ልማዱ ግን ለሁሉ ሕግ ሊሆን ይገባዋል።

ይልቁንም የሚያሳስበው የሁለተኛው ሥርዓት ጕድለት ነው። በጉባኤው የሚነበበው ጽሑፍ አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የሚታተመውም እንዲሁ። ስለ ድጓ ዜማ ሲነገር የድጓው መምህር አይሰማም፤ ስለ ብራና መጽሐፍ ዕድሜ ሲከራከሩ መጽሐፉን ከእሳትና ከወንበዴ የጠበቀው ዕቃ ቤት ክርክሩ አይደርሰውም፤ ስለ ርስትና ጉልት ጥንት ሥርዓት ሲጻፍ ዛሬ የመሬት ነገር የሚያይ የወረዳ ሹም አያነበውም። በሃምቡርግ ዩኒቨርሲቲ መሪነት ከ2003 እስከ 2014 ዓ.ም. በአምስት ታላላቅ ክፍሎች የታተመው የኢትዮጵያ ጥናት መዝገበ ዕውቀት ብዙ ኢትዮጵያውያን ሊቃውንት የጻፉበት የሚያኰራ ሥራ ነው፤ ነገር ግን እርሱም በእንግሊዝኛ ነው። ንባቡ ያለ ትርጓሜ ቀረ ማለት ይህ ነው።

ምናልባት አንዳንድ ሰው «የዓለም ሊቃውንት በአንድ ቋንቋ ካልተነጋገሩ እንዴት ይግባባሉ?» ይል ይሆናል። ነገሩ እውነት ነው። የጃፓኑና የፖላንዱ ሊቅ የሚገናኙበት አንድ መንገድ ያስፈልጋቸዋል፤ እንግሊዝኛም ዛሬ ያን መንገድ ሆኗል። እኛም እንግሊዝኛው ይቅር አንልም። ግዕዝ እያለ አማርኛው ትርጓሜ እንደ ተጨመረ፥ እንግሊዝኛው እያለ የአገሩ ቋንቋ ይጨመር እንላለን። ደግሞም ትርጓሜው ለሰሚው ብቻ የሚጠቅም አይደለም፤ በጉባኤ ቤት ያደገ መምህር የተነገረውን ቢሰማ የሚያርመው፥ የሚያቃናው፥ የሚጨምረውም ነገር ስላለው ለተናጋሪውም ይጠቅመዋል። ዲልማን የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በ1865 ዓ.ም. ያሳተመው የግዕዝና የላቲን መዝገበ ቃላት ታላቅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፥ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የደከሙበት፥ በደስታ ተክለ ወልድ ትጋት የታተመው የግዕዝ መዝገበ ቃላት፥ በጉባኤ ቤት ያደገ ሊቅ ብቻ የሚያውቀውን ምሥጢር ጨመረ። ሁለቱ መጻሕፍት ጎን ለጎን ሲቀመጡ ዕውቀት ይሞላል።

ስለ ብራና መጻሕፍትም አንድ ነገር መናገር ይገባል። ከካህናት ወገን ተመራማሪ ሲመጣ መጽሐፍ የሚሸሽጉ አሉ፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። በ1868 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ከወሰደው ንብረት ወደ 350 የሚሆን የብራና መጽሐፍ ወደ ብሪታንያ ሙዚየም ገብቶ እስከ ዛሬ በለንደን ይገኛል። በየአድባራቱም ለማየት ብሎ የወሰደውን ሳይመልስ የቀረ ሰው ታሪክ ይነገራል። ነገር ግን መሸሸግ መጽሐፍን ከሌባ ያድነው እንደ ሆነ ነው እንጂ ከአይጥ፥ ከጠልና ከእሳት አያድነውም። ከ1973 ዓ.ም. ጀምሮ የተደረገው የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፍ ሥራ የተሻለውን መንገድ አሳይቷል፤ ወደ 9,000 የሚሆን መጽሐፍ በማይክሮፊልም ሲነሣ መጽሐፉ ራሱ በቦታው ቀረ፤ ቅጂው ግን በአዲስ አበባና በአሜሪካ አገር በሚኔሶታ በኮሌጅቪል ተቀመጠ። በ2021 ዓ.ም. ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም ዕድሜያቸውን ሰጥተው የመጻሕፍቱን መዝገብ አዘጋጁ። በኋላ ዘመን በጦርነትና በቃጠሎ መጽሐፉ የጠፋበት ደብር ቢኖር፥ ቢያንስ ቃሉ አልጠፋበትም።

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ሦስት ነገር ይከተላል።

አንደኛ፥ ዩኒቨርሲቲው እንዲህ ያለውን ጉባኤ በቤቱ በሚያደርግበት ጊዜ፥ የሚነበበው ጽሑፍ ሁሉ አጭር ትርጓሜ በአማርኛ እንዲኖረው፥ ጉባኤው በሌላ ክፍል ሲሆንም በዚያው አገር ቋንቋ እንዲጨመር አስቀድሞ ይወስን። ከጉባኤውም በኋላ ትርጓሜው በአንድ መጽሐፍ ታትሞ ወደ አድባራት፥ ወደ ገዳማት፥ ወደ ትምህርት ቤቶችና ወደ ወረዳ መሥሪያ ቤቶች ይላክ። አራቱን ጉባኤ የተማሩ መምህራንም ከአስተርጓሚ ጋራ በጉባኤው ወንበር ይሰጣቸው፤ የሚቀመጡትም ለጌጥ ሳይሆን ተናግረው ሊደመጡ ነው።

ሁለተኛ፥ ሹማምንት ጉባኤው የሚከፈትበትን ቀን ብቻ ጉባኤ አድርገው አይቊጠሩት። በፊተኛው ወንበር ተቀምጦ የመክፈቻ ንግግር መስማት ክብር ነው፤ የጉባኤው ፍሬ ግን የሚገኘው በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን፥ ሰው በሚያንስበት ክፍል ውስጥ ነው። ስለ ውሃ፥ ስለ እርሻ፥ ስለ ስደት፥ ስለ ድርቅና ስለ ጥንት ሕግ የሚነበበው ጽሑፍ የየመሥሪያ ቤቱን ሥራ የሚነካ ነውና፥ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ሰምቶ ጽፎ የሚያመጣ አንድ አስተዋይ ጸሐፊ ቢልክ ለመንግሥት ሥራ ጥቅም ይሆናል። ይህም ቃል ስለ ኢትዮጵያ ጥናት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ስለ አፍሪካና ስለ ዓለም ጉዳይ በዚያው ግቢ ለሚደረገውም ስብሰባ ያው ምክር ያገለግላል።

ሦስተኛ፥ ካህናትና የገዳማት አለቆች መጻሕፍታቸውን በመዝገብ ያስጽፉ፤ ፎቶግራፍ ሲነሣም ቅጂው ለደብሩ ጭምር እንዲቀር በጽሑፍ ውል ይያዙ። ጠያቂ ሲመጣ በሩን ከመዝጋት ውሉን አስቀድሞ ማድረግ ይሻላል። ያልተመዘገበ መጽሐፍ ቢሰረቅ ማስረጃ አይገኝለትም፤ የተመዘገበ መጽሐፍ ግን በየትኛውም አገር ገበያ ቢታይ ባለቤቱ «የእኔ ነው» ብሎ ሊከራከርበት ይችላል።

አባ ጎርጎርዮስ ወደ ጎታ የሄደው ብቻውን ነበር፤ የሚናገረውን የሚሰማለት እንጂ የተጻፈውን የሚያነብለት የአገሩ ሰው አጠገቡ አልነበረም። ዛሬ ግን ጉባኤው በቤታችን፥ ሊቃውንቱም በአገራችን አሉ፤ ለማተምና ለመላክም መንገዱ ብዙ ነው። እንግዲህ የዓባይ ልጅ ውሃ ቢጠማው የሚወቀሰው ወንዙ አይደለም። የሚመጣው ጉባኤ በባዕድ ቋንቋ ተጀምሮ በባዕድ ቋንቋ የሚፈጸም እንዳይሆን፥ ዩኒቨርሲቲውም፥ መሥሪያ ቤቶችም፥ ካህናትም ከአሁኑ ይዘጋጁ።