የሚበር ጀግናና ከጎጆዋ የምትቀር ልጅ

ሥዕልና ጽሑፍ ተጋግዘው ታሪክ የሚናገሩበትን መጽሐፍ የምንወድ ሰዎች በጨዋ ሸንጎ ፊት ብዙ ጊዜ አፍረን ኖረናል። ዕድሜያችን ገፍቶ፣ ሥራ ይዘን፣ ልጅ ወልደን ሳለ «ይህን የሕፃን መጫወቻ እስካሁን አልተዋችሁትምን?» የሚል ተግሣጽ ያልደረሰብን ጥቂቶች ነን። ዛሬ ግን ስለዚሁ «መጫወቻ» በግልጥ ልንከራከር ተነሥተናል። ክርክሩ የሚነካው የእኛን ደስታ ብቻ አይደለምና፤ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ትምህርቷን ሳትጨርስ ለባል የምትታጨውን ልጅም ይነካል።

ነገራችን «ጥበብ ገርልስ» ስለተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ታሪክ ነው። ብሩክታዊት ጥጋቡ የመሠረተችው ዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ ያዘጋጀው ይህ የካርቱን ሥራ፣ ከሰው በላይ የሆነ ኀይል ያላቸው ሦስት ኢትዮጵያውያን ልጃገረዶች ያለ ዕድሜ ጋብቻንና ሴት ልጅን የሚጎዱ ሌሎች ልማዶችን ሲታገሉ ያሳያል። ታሪኩ በሥዕላዊ መጽሐፍነትም ተዘጋጅቷል። ስለዚህ ሥራ ሁለት ወገኖች ሲናገሩ እንሰማለን፤ ከሁለቱም ጋራ አንስማማም።

የመጀመሪያው ወገን «ይህ ከባዕድ የተቀዳ ቅዠት ነው» ይላል። እርግጥ ነው፤ ሱፐርማን የተባለው ጀግና በአሜሪካ መጽሔት ላይ የታየው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1938 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ታሪክን በሥዕል ተርታ መናገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። የንግሥተ ሳባ ታሪክ በትንንሽ ሥዕሎች ተከፋፍሎ፣ በየሥዕሉ ሥር ቃል ተጽፎበት ሲሸጥ ያላየ ማን ነው? በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ ተቀምጦ ዘንዶውን ሲወጋ፣ ቢሩታዊት ከዛፍ ላይ ሆና ስትመለከት እያየ ያላደገ ልጅስ የት ይገኛል? በ2011 ዓ.ም. በብሥራት ደበበ የቀረበው «ጀምበር» ደግሞ ሥራ ፈላጊውን የአዲስ አበባ ወጣት ጀግና አድርጎ በአማርኛም አስነብቦናል። እንግዲህ መልኩን ባዕድ ነው ብሎ ማውገዝ የገዛ ግድግዳን አለማየት ነው።

ሁለተኛው ወገን «ልጆቻችን በቴሌቪዥን ተምረዋል፤ ሥራው ተፈጽሟል» የሚለው ነው። ዋናው ሙግታችን ከዚህ ወገን ጋራ ነው።

በዚህ ዐይነት ታሪክ ልማዱ ምንድን ነው? እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1966 እስከ 1968 ዓ.ም. በአሜሪካ ቴሌቪዥን የታየውን ባትማንን እንመልከት። ክፉው ሰው ይገባል፤ ጀግናው ይጠመዳል፤ የቡጢው ድምፅ በትልልቅ ፊደል በመስኮቱ ላይ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ በሁለት ምሽት ሁሉ ነገር ያልቅና ጀግናው ወደ ዋሻው ይመለሳል። ክፉው በመልኩም በልብሱም ይለያል፤ ማንም አይሳሳተውም። እኛም እንዲህ ያለውን ታሪክ ወደነዋል፤ አሁንም እንወደዋለን።

ነገር ግን በጉና ተራራ ዙሪያና ከዚያ ወዲያ፣ ከመካነ ኢየሱስ እስከ ወገዳ፣ ከነፋስ መውጫ እስከ ዓርብ ገበያ ባለው አገር የልጅቱ ባላጋራ ማን ነው? ቀንድ ያለው ጭራቅ አይደለም። ስትታመም ተሸክሞ ጠበል ያደረሳት፣ በክፉ ቀን ከራሱ አፍ ነጥቆ ያጎረሳት አባቷ ነው። ያለ ዕድሜዋ ሲድራት የሚጎዳት አይመስለውም። ክብሯን የጠበቀ፣ መሬት በጠበበበት አገር ከደኅና ቤት ያስጠጋት፣ እርሱ ሳይሞት ወግ ማዕርግ ያሳያት ይመስለዋል። ሕግ መኖሩን ሲሰማም ሠርጉን በታላቅ እኅቷ ሠርግ ይሸፍነዋል፤ ወይም «ዝክር ነው» ብሎ ጠላውን ያስጠምቃል። ዘንዶው ልማዱ ነው፤ የሚቀመጠውም በምድጃው አጠገብ፣ በፍቅር መካከል ነው።

እንግዲህ ጀግናይቱ በርራ መጥታ ሠርጉን በተነችው እንበል። በማግሥቱስ? እርሷ ወደ መጣችበት ትመለሳለች፤ ልጅቱ ግን ከዚያችው ጎጆ ታድራለች። የተቀበሉት ጥሎሽ አለ፤ አንገቱን የደፋ አባት አለ፤ «ቆማ ቀረች» የሚል ጎረቤት አለ። ከሰው በላይ የሆነ ኀይል የሌላት ልጅ ይህን ሁሉ በምን ትመክተዋለች? የድሉ ምንጭ እርሷ ልትይዘው የማትችለው ተአምር ከሆነ፣ የተረፋት ምኞት እንጂ መሣሪያ አይደለም። በእኛ አስተያየት የእንዲህ ዐይነቱ ታሪክ ድካም ይህ ነው፤ «ጥበብ ገርልስ» እንኳ ዓላማው የተመሰገነ ቢሆን ከዚህ ፈተና ነፃ አይደለም።

መሣሪያው ግን አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት ልጅ የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ብሎ ነበር፤ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለወንድም ለሴትም 18 አድርጎታል፤ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም እንዲሁ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648፣ 13 ዓመት የሞላትን ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅ ያገባ እስከ 3 ዓመት፣ ከዚያ በታች የሆነችውን ያገባ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል ይላል። ሆኖም በ2008 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 49 ከሆኑት ሴቶች እኩሌታዎቹ ያገቡት 17 ዓመት ከጥቂት ሳያልፋቸው ነው። ሕግ እንደ ጀግና አይበርም፤ ጠርቶ የሚያመጣው ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ከወንበሯ የጎደለችውን ተማሪ የሚጠይቅ መምህር ነው፤ የጓደኛዋን ምስጢር ለትምህርት ቤቱ የምትነግር ልጅ ናት፤ «ለእርሷ ገና ነው» ብሎ አባቱን የሚለምን ወንድም ነው። ደራስያንና ሠዓልያን ይህን ኀይል ይሣሉልን። አባትዬውንም ተሸንፎ ሲወድቅ ሳይሆን ሐሳቡን ሲለውጥ ያሳዩን። ከቡጢ ይልቅ ይህን መሣል ይከብዳል፤ ጥበብነቱም በዚያ ይታወቃል።

መጽሐፉን ከመስኮቱ የምናስበልጠውም ስለዚሁ ነው። የቴሌቪዥን ሥዕል ታይቶ ያልፋል፤ መብራትና መቀበያ በሌለበት ቀበሌ ደግሞ ፈጽሞ አይደርስም። መጽሐፍ ግን ይቀራል። ልጅቱ በአንዱ ሥዕል ላይ የፈቀደችውን ያህል ትቈያለች፤ ወደ ኋላ ትመለሳለች፤ ለእኅቷ ታነብላታለች፤ ለጓደኛዋ ታውሳለች። ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ሥዕሉን ትከተላለች።

ይህን ለጋይንት ሰው ማስረዳት ድፍረት ሊሆን ይችላል። የቤተ ልሔም የድጓ ጉባኤና የዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ጉባኤ ያሉት በዚያ ምድር ነው፤ ተማሪው በመጽሐፍ ላይ ዓመታት ሲቈይ አገሩ አይቷል። ሊቃውንቱ አባታችን የሚሉት ቅዱስ ያሬድም፣ ትውፊቱ እንደሚነግረን፣ ትምህርት ከብዶት ሲሸሽ ከዛፍ ሥር አንዲት ትል ስድስት ጊዜ ወድቃ በሰባተኛው ስትወጣ አይቶ ተመለሰ። ትሏ ክንፍ አልነበራትም፤ ሁሉንም በእግሯ ወጣችው።

እንግዲህ ባለሥልጣኖች ሆይ፤ እንዲህ ያለው ታሪክ ለቴሌቪዥን ሲዘጋጅ መጽሐፉም በርካሽ ወረቀት ታትሞ በስማዳና በእስቴ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች እንዲደርስ አድርጉ። መምህራን ሆይ፤ መጽሐፉን ከልጆች እጅ ስታገኙ አትንጠቁ፤ አብራችሁ አንብቡት። እናንተም ተማሪዎች፤ የሚበረውን ጀግና ውደዱ፤ እኛም እንወደዋለን። ግን እርሱ ከሄደ በኋላ በማግሥቱ ከልጅቱ ጋራ የምትቀሩት እናንተ መሆናችሁን አትርሱ።