ዕዳ መክፈል አንድ ነገር ነው፣ ከመዝገብ ማዘጋት ሌላ

አረብ ሀገር የገባች እህት ሁሉ በመጀመሪያው ወር የምትሰማው ምክር አንድ ነው፦ «መጀመሪያ ዕዳሽን ጨርሺ፣ ሌላው ይደርሳል።» ምክሩ ክፉ አይደለም። ዕዳ ያለባት ሴት ደመወዟ እጇ ሳይገባ ያልቃል። የዕረፍት ቀኗን ሲነጥቋት፣ ሌሊት ሲያሠሯት፣ «ዕዳዬስ?» ብላ አፏን ትዘጋለች። ስለዚህ ቶሎ መክፈልን እኔም እደግፋለሁ። ግን ምክሩ ግማሽ ነው። የትኛው ዕዳ ይቅደም? ስንት እጅ ላይ ይቅር? ከተከፈለ በኋላስ ምን ወረቀት ይያዝ? እነዚህን ሳይጠይቁ መሯሯጥ ከአንዱ ዕዳ አውጥቶ ሌላው ውስጥ ይከታል።

የአንቺ ያልሆነውን ዕዳ ለዪ

«ብዙ ገንዘብ ከፍዬ ነው ያመጣሁሽ፣ እሱን ሳትጨርሺ የትም አትሄጂም» የሚል አሠሪ ብዙ ነው። ብዙ እህቶችም ይህን እውነተኛ ዕዳ ነው ብለው ተቀብለው ይኖራሉ። አይደለም። በኢትዮጵያ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት የቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትኬት፣ የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ወጪ የአሠሪው ነው። የአንቺ ድርሻ እንደ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራና ክትባት ያለው ነው። የተባበሩት አረብ ኤምሬትስም እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው የቤት ሠራተኞች ሕግ ለማስቀጠር ተብሎ ከሠራተኛዋ ኮሚሽን መቀበልን ይከለክላል።

እርግጥ ነው፣ ኮንትራትን ያለ በቂ ምክንያት አቋርጦ መውጣት እንደየሀገሩ ሕግ ወጪ ሊያስከትል ይችላል። ያ ግን በሕግ አካል ፊት ታይቶ የሚወሰን ነገር ነው እንጂ ማዳም ኩሽና ውስጥ ቆማ የምትወስነው አይደለም። ከደመወዝሽ የሚቆረጥ ገንዘብ ካለ ለምን እንደሆነ ጠይቂ፤ ቀኑንና መጠኑን ጽፈሽ ያዢ።

በጣም የሚያደማሽን አስቀድሚ

ምሳሌ እንውሰድ። አባትሽ ለጉዞሽ 50,000 ብር ከአራጣ አበዳሪ በወር 10 በመቶ ወሰዱ እንበል። በየወሩ 5,000 ብር ለወለድ ብቻ ይሄዳል። ዓመቱ ሲሞላ 60,000 ብር ከፍለሽም ዋናው 50,000 ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሰው ለሰው ሲያበድር የሚፈቅደው ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ አይበልጥም። በዚያ ሂሳብ የዓመቱ ወለድ 6,000 ብር ብቻ ነበር። አራጣ በወንጀልም ያስጠይቃል። ይህን ማወቅ አበዳሪውን ለማስፈራራት ሳይሆን ለድርድር ይጠቅማል። ሽማግሌ ተልኮ «ወለዱ እዚህ ላይ ይቁም፣ ዋናውን በዚህን ያህል ወር እንጨርሳለን» ቢባል ብዙ ጊዜ ይሰማል፤ አበዳሪውም ክስ አይፈልግም።

መሬት በወለድ አገድ ተይዞ ከሆነም እንደዚሁ ነው። ገንዘቡ እስኪመለስ ምርቱን የሚያፍሰው አበዳሪው ነው። ቤተሰብሽ የራሱን እህል ከገበያ እየገዛ ነው ማለት ነው። እንዲህ ከሆነ ለበዓል ልብስና ለስልክ ከመላክሽ በፊት መሬቱን ማስለቀቅ ይሻላል።

አጎትሽ ያለ ወለድ የሰጡሽ ግን ሊቆይ ይችላል። እሳቸውን የሚያስቀይማቸው መዘግየትሽ ሳይሆን ዝምታሽ ነው። «አጎቴ፣ አልረሳሁም፣ ከመስከረም በኋላ እጀምራለሁ» የሚል አንድ የድምፅ መልእክት ብዙ ቅያሜ ይከላከላል።

ኪስሽን ባዶ አታድርጊ

እዚህ ላይ የማይስማሙኝ ይኖራሉ። እስከ መጨረሻዋ ሪያል ለዕዳ መላክ ጉብዝና አይመስለኝም። ዕዳዋን በስድስት ወር ጨርሳ እጇ ላይ ምንም የሌላት ሴት፣ ነገ ቢያማት ወይም ከቤቱ መውጣት ግድ ቢሆንባት፣ ለታክሲና ለመድኃኒት እንኳ የሰው እጅ ታያለች። ያኔ በችኮላ የምትበደረው ገንዘብ ከመጀመሪያው ይብሳል። ዕዳው በስምንት ወር ይለቅ፤ ግን የአንድ ወር ደመወዝ ያህል በስምሽ፣ አንቺ ብቻ በምታውቂው ቦታ ይቀመጥ። ይህ ገንዘብ ቅንጦት አይደለም፤ «እምቢ» ለማለት አቅም የሚሰጥሽ እሱ ነው።

የባንክና የስልክ ዕዳ የሚጻፍበት መዝገብ

የመንደር ዕዳ በሰው አፍ ይኖራል። የባንክ፣ የክሬዲት ካርድና በየወሩ እየተከፈለ የሚወሰድ ስልክ ዕዳ ግን በመታወቂያ ቁጥርሽ ይመዘገባል። በኤምሬትስ ይህን የሚይዘው አል ኢትሃድ ክሬዲት ቢሮ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው ከ300 እስከ 900 ነጥብ ይሰጣል። የስልክ ኩባንያዎች ክፍያም እዚያ ይገባል። በሳዑዲ ሲማ የሚባለው ድርጅት ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ሀገር ቤትም ባንኮችና ማይክሮ ፋይናንሶች የብድር መረጃ ለብሔራዊ ባንክ ያቀርባሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ያንን ያያሉ።

ብዙዎቻችን «ቀድሜ ከከፈልኩ ነጥቤ ወዲያው ይሰቀላል» ብለን እናስባለን። እንደዚያ አይሠራም። መዝገቡ አብዝቶ የሚያየው በየወሩ በቀኑ መክፈልሽን ነው። ቀድሞ መጨረስ ቀሪውን ወለድ ያስቀርልሻል፣ የቀረብሽን ዕዳ ዜሮ ያደርጋል፣ ሥራ ቢቋረጥ ወደኋላ ከመቅረት ያድንሻል። ትልቁ ጥቅሙ ይሄ ነው። ዘግይተሽ የከፈልሽው ወር ግን ዕዳው ስላለቀ ብቻ አይፋቅም፤ ታሪኩ ለጊዜው ይታያል። ስለዚህ አሁን ወደኋላ የቀረሽበት ክፍያ ካለ፣ ሌላውን ቀድመሽ ከመጨረስሽ በፊት እሱን አስተካክዪ።

ቀድመሽ ስትከፍዪ ባንኩ ክፍያ ሊጠይቅ ይችላል፤ ግን ወሰን አለው። በኤምሬትስ ለግል ብድር ከቀሪው ዕዳ 1 በመቶ ነው፣ ቢበዛም ከ10,000 ድርሃም አይበልጥም። 6,000 ድርሃም ቀርቶሽ ከሆነ 60 ድርሃም ማለት ነው። በሳዑዲ ደግሞ አበዳሪው ከቀጣዮቹ ሦስት ወራት ትርፍ በላይ ሊጠይቅሽ አይችልም። ከዚህ በላይ ከተጠየቅሽ ሂሳቡን በጽሑፍ አሳዩኝ በዪ።

ወረቀቱን ሳትይዢ አትውጪ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። የመጨረሻውን ክፍያ ከከፈልሽ በኋላ ዕዳ እንደሌለብሽ የሚገልጽ ደብዳቤ ከባንኩ ጠይቂ። «ቅናሽ እናድርግልሽና ይዘጋ» ከተባልሽ ገንዘቡን ከመስጠትሽ በፊት በመዝገቡ ላይ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠይቂ፤ «ሙሉ በሙሉ ተከፍሏል» እና «በስምምነት ተዘግቷል» አንድ አይደሉም። ከአንድ ሁለት ወር በኋላም ሪፖርትሽን አውጥተሽ እዪ። ዕዳው እንዳለ ከተጻፈ በደብዳቤው እንዲታረም ማመልከት ትችያለሽ። የማትጠቀሚበትን ካርድና መስመርም አዘጊ፤ ባዶ ነው ብለሽ የተውሽው ካርድ ዓመታዊ ክፍያ እየቆጠረ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ለሀገር ቤት ዕዳም ወረቀት ያስፈልጋል። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት ወይም መሐላ ነው፤ መመለሱም እንደዚሁ። ጎረቤት «ስትከፍል አይቻለሁ» ቢል ላይበቃ ይችላል። ስለዚህ በእጅ ከመስጠት በባንክ ማስገባት ይሻላል። የቀድሞው የብድር ወረቀት ይመለስ ወይም ይቀደድ፣ አበዳሪውም «ገንዘቤን ተቀብያለሁ» ብሎ ይፈርም። የሁሉንም ፎቶ ወንድምሽ ወይም እህትሽ በቴሌግራም ይላኩልሽ።

ስምሽን አታውሺ

መዝገብን የሚያበላሸው የራስ ዕዳ ብቻ አይደለም። «መታወቂያሽን ስጪኝ፣ ሲም ካርድ ላውጣበት»፣ «በስምሽ አንድ ስልክ ልውሰድ፣ እኔ እከፍላለሁ» የሚሉ ጓደኞች አሉ። ክፉ አስበው ላይሆን ይችላል። ግን ሥራዋን ትታ ወደ ሌላ ከተማ ስትሄድ ዕዳው የሚፈልገው አንቺን ነው። ዕዳ ከሜዳ ማለት ይሄ ነው። አበዳሪ ፍርድ ቤት ሄዶ የጉዞ እገዳ ሊያስጥል ስለሚችል፣ እናትሽን ልትጠይቂ ሻንጣሽን ይዘሽ ኤርፖርት ላይ ልትቀሪ ትችያለሽ። ወዳጅሽን ስትከለክያት ለአንድ ሳምንት ትኮርፍሻለች። ኩርፊያ ያልፋል።

«እኔ ነገ ሀገሬ እገባለሁ፣ መዝገቡ ምን ያደርግልኛል?»

ይህን የምትል እህት አትሳሳትም፤ ሁላችንም አንድ ቀን እንገባለን። ግን ስንቶቻችን ነን ገብተን እንደገና የተመለስነው? ጥለሽው የሄድሽው ዕዳ በዚያው መታወቂያ ቁጥር ሊጠብቅሽ ይችላል። ሀገር ቤትም ሱቅ ለመክፈት ወይም ላም ለመግዛት ማይክሮ ፋይናንስ ስትሄጂ፣ ለወንድምሽ ዋስ የሆንሽበት ያልተከፈለ ብድር ቀድሞሽ ሊገኝ ይችላል። መዝገብ የሀብታም ጉዳይ አይደለም። ሀብታም ሌላ ዋስትና አለው፤ እኛ ያለን ስማችን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የዕረፍት ቀንሽ አንድ ወረቀት ያዢ። ያለብሽን ሁሉ ጻፊ፦ ለማን፣ ስንት፣ በወር ስንት ወለድ፣ ማስረጃው የት እንዳለ። የአንቺ ያልሆነውን ሰርዢ። ወለዱ የከበደውን ከላይ አድርጊ። ቀን ያለፈበት የባንክ ወይም የስልክ ክፍያ ካለ ከጎኑ ምልክት አድርጊበት፣ እሱ አይዘግይ። ከዚያ ደመወዝ በገባ ቀን፣ ከሁሉም በፊት የራስሽን ድርሻ አስቀምጪና ከላይኛው ጀምሪ። ለእያንዳንዱ ክፍያም ደረሰኝ።