ጅቡስ የኛ አይደለም እንዴ?

ባለፈው እሁድ ጠዋት፣ ከእንጦጦ ማርያም ወረድ ብሎ፣ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ መኪና የገጨው ጅብ ወድቆ አየን። ለሩጫ የወጣነው ሁሉ ከበብነው፤ ግማሹ ስልኩን አወጣ። አንዱ «እሰይ!» አለ። «ለምን እሰይ?» ያለው ግን የለም። እኔም ዝም አልኩ።

የሚያናድደኝ ያ ዝምታ ነው። ስለ ዱር እንስሳት አልተማርንም እንዳንል ተምረናል። ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ፦ «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኙ» ብለን ሸምድደን ፈተና አልፈናል። አብዛኞቻችን አንዱንም በዓይናችን አላየንም። ሌሊት ከጫካው ወርዶ ጥንባችንን የሚያነሳልንን ጎረቤት ግን ያስተማረን ተረት ብቻ ነው።

«ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል» እንላለን። አያነክስም እኮ! የፊት እግሮቹ ከኋላዎቹ ስለሚረዝሙ ነው አረማመዱ እንደዚያ የሆነው። መንጋውን የምትመራውም ሴቷ ናት። ይህን ያወቅኩት የኢንጂነሪንግ ዲግሪዬን ከያዝኩ በኋላ፣ በዩቲዩብ ነው። ያሳፍራል።

መቀሌ ላይ ተሠርቶ በ2021 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ጅቦች በዓመት 207 ቶን ገደማ ጥንብ እንደሚያነሱ ገምቷል። በዚህም አባ ሰንጋና የከብት ሳንባ ነቀርሳ ወደ ሰውና ወደ ከብት እንዳይዛመት ያግዛሉ። ደመወዝ የለ፣ ዩኒፎርም የለ። ቀደም ብሎ በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ፣ በዐቢይ ጾም ሥጋ ስንተው ትርፍራፊው ስለሚቀንስ ጅቦቹ አህያ ወደ መብላት እንደሚያዘነብሉ አሳይቷል። በሥራዬ ቋንቋ፦ ኢንፑቱ ሲቀየር አውትፑቱ ተቀየረ፣ በቃ።

«ሰው የበላ ጅብስ?» ትሉኛላችሁ። አለ፤ አልክድም። በጨለማ እንጨት ተሸክማ ለምትወርድ እናት ስለ ሥነ ምህዳር ልደስኩር አልልም። ግን እሷም ሆነች ልጆቿ የሚያስፈልጋቸውን፣ የእርድ ትርፍራፊ ደጅ መጣል ጅብ እንደሚጠራ፣ ሕፃን ውጭ ማሳደር ምን እንደሚያመጣ፣ ተረቱ አላስተማራቸውም። ተረቱ ያስተማረው ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪዋ ሌሊት ጅብ እንደሚሆኑ ነው። በዚህ ውሸት ስንቱ «ቡዳ» ተብሎ ከጋብቻና ከጎረቤት ተገለለ! እኔም እኮ በእጄ ሥራ የማድር ሰው ነኝ፤ ከመቶ ዓመት በፊት ብወለድ ለኔም ስም አያጡልኝም ነበር።

ስለዚህ መጽሐፍ የምታዘጋጁ ሰዎች፣ ዋልያው ይቆይ፤ ከጎኑ ግን ለጅቡ አንድ ሙሉ ገጽ ስጡት። ምን እንደሚበላ፣ በስንት ሰዓት እንደሚወጣ፣ ቆሻሻ የት እንደሚጣል ይጻፍበት። ሥዕሉም ጥርሱን ያገጠጠ አይሁን።